ሜትር ይዛችሁ ግቡ፦ ለዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችና ለኢንጂነሪንግ ዲኖች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች፣ የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ዲኖች፦

የምጽፍላችሁ እናንተ የያዛችሁትን ዓይነት ወንበር ይዘው ስለነበሩ አንድ ሰው ነው። ቻርልስ ቬስት ይባላሉ። ሙያቸው መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነበር። ከ1990 እስከ 2004 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን፣ ሁላችንም ኤምአይቲ የምንለውን፣ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ኋላም ከ2007 እስከ 2013 የአሜሪካ ብሔራዊ የኢንጂነሪንግ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዲሴምበር 2013 በ72 ዓመታቸው አረፉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ እንዳንደናገር።)

ስማቸው ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ኦፕን ኮርስዌር ነው። ኤምአይቲ የትምህርት ማስታወሻውን፣ የቤት ሥራውን፣ ፈተናውን ሳይቀር በነፃ ኢንተርኔት ላይ እለቃለሁ ብሎ በ2001 ያስታወቀው በእሳቸው ዘመን ነው። ስንቱ ተማሪ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንን በዚያ ተደግፎ አልፏል! ውለታቸው አለብን። ዛሬ የማነሳላችሁ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ነው። በማርች 1999 እኚህ ሰው የሚመሩት ዩኒቨርሲቲ ሴት ሳይንቲስቶቹን ሲበድል እንደኖረ አመኑ። በጽሑፍ አመኑ፤ ከነስማቸው።

ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከፕሬዚዳንት ቢሮ አይደለም። ከዓሣ ገንዳ ነው።

ናንሲ ሆፕኪንስ በ1973 ኤምአይቲ የገቡ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ሳይንቲስት ናቸው። ካንሰር በሚያመጡ ቫይረሶች ላይ ሠርተው ስም ያወጡ ሰው ነበሩ። ኋላ ላይ ዚብራፊሽ ላይ መሥራት ጀመሩ። ዚብራፊሽ ጣት የማታክል፣ ባለ መስመር ትንሽ ዓሣ ናት። ጽንሷ ብርሃን ያሳልፋል። ልቧ መምታት ሲጀምር፣ ዓይኗ ሲሠራ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ለዘረመል ምርምር ከዚህ የሚመች እንስሳ ጥቂት ነው። ዓሣ ግን ገንዳ ይፈልጋል፤ ገንዳ ደግሞ ቦታ። ሆፕኪንስ የጠየቁት 200 ስኩዌር ፊት፣ ወደ 19 ካሬ ሜትር ግድም ነበር። አልተሰጣቸውም። «የእኔ ላቦራቶሪ ከሌሎቹ ያንሳል» ሲሉም የሚያምናቸው ጠፋ።

ይሄኔ ባዮሎጂስቷ የመሐንዲስ ሥራ ሠሩ። ሜትር ያዙ። ማታ፣ ሰው ሲወጣ፣ የሕንጻውን ላቦራቶሪዎች እየዞሩ ለኩ። ግድግዳ ከግድግዳ፣ ክፍል በክፍል። ሲደመር የተገኘው ነገር ያሳፍራል። ሙሉ ፕሮፌሰሯ የያዙት ቦታ ከእሳቸው ብዙ ዓመት ዘግይተው ከተቀጠሩ ወንዶች ቦታ ያንስ ነበር። ቁጥሩን ይዘው ቢያሳዩም ነገሩ ቶሎ አልተፈታም። በዚህ ላይ ደግሞ በጋራ ቀርጸው ሲያስተምሩት ከነበረው ኮርስ ሊነሱ ሆነ።

በ1994 ለፕሬዚዳንት ቬስት ደብዳቤ አረቀቁ። ሳይልኩት በፊት ግን ለሌላ ሴት ሳይንቲስት፣ ለሜሪ ሉ ፓርዱ፣ ምሳ ላይ አሳዩዋቸው። ያሳዩት እየፈሩ ነው። አጉረምራሚ ተብሎ መቅረት አለ፤ ሳይንሷ ደከም ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚያማርረው መባል አለ። ፓርዱ አንብበው ሲጨርሱ እኔም እፈርማለሁ አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሁለቱም አንድ ሕንጻ ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። ሁለቱም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። አንዳቸውም ለሌላዋ ትንፍሽ አላሉም ነበር። እያንዳንዷ የራሷ ዕድል፣ የራሷ ጠባይ፣ የራሷ የዲፓርትመንት ኃላፊ ጉዳይ ይመስላት ነበር። ሴት መምህራን ጥቂት ሲሆኑና በየሕንጻው ሲበተኑ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ሰው ላይ የደረሰ ነገር አጋጣሚ ነው ይባላል። ተሰብስቦ ካልታየ በቀር ማንም ስም አይሰጠውም።

ሁለቱ ቁጭ ብለው በሳይንስ ትምህርት ቤቱ ስድስት ዲፓርትመንቶች ውስጥ ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ፣ ማለትም ቴኑር፣ ያላቸውን ሴቶች ቆጠሩ። ቆጠራው ጊዜ አልፈጀም። 15 ሴቶች፣ 194 ወንዶች። ካነጋገሯቸው ሴቶች ከአንዷ በቀር ሁሉም ተስማሙ። ተያይዘው ወደ ዲኑ፣ ወደ ፊዚክስ ሊቁ ሮበርት በርጀኖ ቢሮ ሄዱ። ዲኑ ሰሟቸው። በ1995 ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢዋም ሆፕኪንስ ሆኑ። የዲፓርትመንት ኃላፊ የነበሩ ወንድ ፕሮፌሰሮችም ገቡበት። ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር። ደመወዝና ቦታ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያውቀው ሲያከፋፍል የኖረው ሰው ነዋ!

ኮሚቴው ያየው ከቦታ በላይ ነበር። ደመወዝ፣ የምርምር ገንዘብ፣ ሽልማት፣ ኃላፊነት ላይ መመደብ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ጥሪ ሲመጣ «እባክህ አትሂድብን» ተብሎ የሚጨመር ጥቅም። በሁሉም ዲፓርትመንት እኩል ባይሆንም ልዩነቱ ነበር፤ ሴቶቹ በሥራቸው ከወንዶቹ ሳያንሱ። የሴት መምህራን ድርሻም 8 በመቶ ነበር፤ ቢያንስ ለአሥር ዓመት፣ ምናልባትም ለሃያ ዓመት፣ ፈቅ አላለም። በዚያው ጊዜ በአንዳንዶቹ ዲፓርትመንቶች ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ግኝት ነው። ኮሚቴው ገና የተቀጠሩትን ወጣት ሴቶች ሲጠይቅ፣ ችግር የለም አሉ። መድልዎ የእናቶቻችን ዘመን ጉዳይ ነው፤ የእኛ ጭንቀት ሥራና ልጅ ማሳደግን ማጣጣም ነው አሉ። አንጋፋዎቹ ግን ወደ ዳር እንደተገፉ ተናገሩ። ወጣቶቹ የታደሉ ትውልድ ናቸው ማለት ነው? አይደለም። አንጋፋዎቹም በወጣትነታቸው ልክ እንደዚሁ ብለው ነበር። ነገሩ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ገና የተቀጠረች መምህርት ከማንም ጋር ቦታ አትሻማም፤ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይቀበላታል። ሥልጣንና ሀብት መካፈል ሲመጣ ነው በሩ ጠበብ የሚለው። ስለዚህ እናንተ አዲስ ተቀጣሪዎችን ሰብስባችሁ መጠይቅ ሞልተው «ደስተኛ ነን» ቢሏችሁ እውነታቸውን ነው። አሥራ አምስት ዓመት የቆየችዋን ግን ጠይቋት።

አሁን ወደ ቬስት ልመለስ። የሪፖርቱ ማጠቃለያ በማርች 1999 በኤምአይቲ የመምህራን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ፕሬዚዳንቱ አስተያየት ጻፉበት። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «በዛሬዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያለው የጾታ መድልዎ ከፊሉ እውነታ፣ ከፊሉ ስሜት ነው ብዬ ሁልጊዜ አምን ነበር። ልክ ነው፤ አሁን ግን ሚዛኑን እጅግ የሚደፋው እውነታው መሆኑን ተረድቻለሁ።»

ይኸው ነው። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። ወዲያው ኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጹ ላይ አወጣው፣ ቦስተን ግሎብም እንዲሁ።

ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የትኛውም የሕግ አማካሪ ቢጠየቅ «ጌታዬ፣ ተዉት» ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ መፈረም ከሳሽ መጋበዝ ነውና። ቀላሉ መንገድ ይታወቃል። ጉዳዩን በኮሚቴ ማቆየት፣ ለሆፕኪንስ ዝም የሚያሰኝ ቦታ መስጠት፣ ሪፖርቱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ፣ በቀጣዩ ዓመት ስለ ሴቶች አንድ ሞቅ ያለ ንግግር ማድረግ። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሲችሉበት ለጉድ ነው። ኤምአይቲ ራሱ በ1870 ኤለን ስዋሎ የምትባለውን የመጀመሪያ ሴት ተማሪ ሲቀበል ክፍያ አላስከፈላትም። ኬሚስትሪ ልትማር የመጣችው ወጣት ደግነት መስሏት ነበር። ኋላ እንደታወቀው ክፍያው የቀረው አንድ ሰው ቅሬታ ቢያነሳ «ተማሪያችን አይደለችም» ለማለት እንዲመች ነበር። ይህን ባውቅ ኖሮ አልገባም ነበር ብላለች። በ1873 ተመረቀች፤ ያም ቢሆን። የተቋም ብልጣብልጥነት እንዲህ ነው የሚሠራው። ቬስት ያንን መንገድ አልመረጡም።

ደግሞ ባዶ ቃል አልነበረም። ደመወዝ ተስተካከለ፤ ቦታ ተሰጠ። ሆፕኪንስም ገንዳዎቻቸውን አገኙ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዓሣዋ ከጽንስ ተነስታ እንድታድግ ግድ የሚያስፈልጉ ከ300 በላይ ጂኖችን ለይተዋል። ያ 19 ካሬ ሜትር ክልከላ ሳይንስን ምን ሊያስቀር እንደነበር አስቡት።

ተቺዎችም ነበሩ። ቁጥሩ የታለ አሉ። የደመወዙና የቦታው ዝርዝር የግለሰቦችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል በይፋው ማጠቃለያ ላይ አልወጣም ነበር። ከሳሿ ራሷ ሰብሳቢ መሆኗም ተነቅፏል። ሁለተኛው ነቀፌታ ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም፤ ያልለካው ሰው መች ያውቀው ነበር? የመጀመሪያው ግን ውሃ ያነሳል። ሰዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ስም ሳይጠሩ ቁጥር ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ አውቃለሁ። በካሬ ሜትርና በፐርሰንት፣ ዲፓርትመንቶችን አንድ ላይ ጨፍልቆ ማውጣት ግን ይቻላል። እናንተ ከዚያኛው የተሻለ አድርጋችሁ አውጡት።

ቬስት በዚያ አላበቁም። በጃንዋሪ 2001 የስምንት ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችን መሪዎች ኤምአይቲ ጋበዙ፦ ሃርቫርድ፣ ፕሪንስተን፣ ዬል፣ ስታንፎርድ፣ ካልቴክ፣ በርክሌይ፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቫኒያ። ሴት ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶችም አብረው ተቀመጡ። ዘጠኙ ዩኒቨርሲቲዎች በሳይንስና በኢንጂነሪንግ ሴቶች ላይ እንቅፋት አሁንም አለ ብለው በጋራ አመኑ፤ የደመወዝና የሀብት ክፍፍላቸውን ሊፈትሹም ተስማሙ። አንዱ ቤቱን ሲከፍት ሌላው የእኔ ንጹሕ ነው ማለት ያፍራል። ቬስት ይህን ያወቁ ይመስለኛል።

የኢንጂነሪንግ ዲኖች ደግሞ አንዲት ሌላ ሰው አሏችሁ፦ ዴኒስ ዴንተን። በ1987 ከኤምአይቲ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ዶክትሬታቸውን ያገኙ፣ በ1996 ገና በ37 ዓመታቸው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ዲን የሆኑ ሴት። እዚያ የጀመሩት አድቫንስ የተባለ ፕሮግራም ሴቶቹን ብቻ ሰብስቦ «በራስሽ ተማመኚ» በሚል ሥልጠና አላበቃም። የዲፓርትመንት ኃላፊዎችን ነው ያሠለጠነው። ገብቷቸው ነበር። ማን የትኛውን ላብ እንደሚያገኝ፣ ማን የከበደውን ኮርስ እንደሚወስድ፣ የማን የዕድገት ፋይል ቶሎ እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው እዚያ ቢሮ ነው። በጃንዋሪ 2005 የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ላሪ ሳመርስ በአንድ ጉባኤ ላይ፣ በሳይንስ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሴቶች ያነሱት ከምክንያቶቹ አንዱ የተፈጥሮ ችሎታ ልዩነት ሊሆን ይችላል ሲሉ፣ ናንሲ ሆፕኪንስ ተነስተው ወጡ። ዴንተን ግን ቀርተው ፊት ለፊት ሞገቷቸው። ሳመርስ ኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል። ዴንተን በዓመቱ፣ በ2006፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ክሩዝ ካምፓስ መሪ ሳሉ በ46 ዓመታቸው አረፉ። ብዙ የሚሠሩበት ዕድሜ ነበር።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልሸነግላችሁም። ኤምአይቲ በ2011 ዞር ብሎ ሲያይ በሳይንስና በኢንጂነሪንግ የሴት መምህራን ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ሴቶቹም ደስተኞች ነበሩ፤ አዲስ ጣጣ ግን መጥቷል። አንደኛው፣ «የገባችው መስፈርቱ ዝቅ ተደርጎላት ነው» የሚል ሹክሹክታ። በእኛ ቋንቋ «በአፈርማቲቭ ነው» የምትባለዋ ነገር። ሁለተኛው የኮሚቴ ብዛት። እያንዳንዱ ኮሚቴ ሴት ይኑርበት ተባለ፤ ሴቶቹ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ያቺው አንዷ ስድስት ስብሰባ ትቀመጣለች፣ ወንድ ባልደረባዋ ላብ ውስጥ ጽሑፉን ይጨርሳል። ዕድገት ሲመጣ የሚቆጠረው ጽሑፍ ነው። ለቃለ ጉባኤ ማንም ፕሮፌሰር አልሆነም።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ። በየዓመቱ ማርች 8 ሲደርስ መድረክ ላይ ትወጣላችሁ። ባነሩ ያምራል፣ ንግግሩም ደህና ነው። ከአዳራሹ ስትወጡ ግን ወደ ላቦራቶሪው ሕንጻ ጎራ በሉልኝ። ሜትር ይዛችሁ።

ምን እንደምትለኩ ታውቃላችሁ፤ መሐንዲሶች ናችሁ። ለእያንዳንዱ መምህር ስንት ካሬ ሜትር ደርሶታል? የላብ ቴክኒሻኑ ሰዓት ለማን ይሄዳል? ሲኤንሲ ማሽኑ (በኮምፒውተር የሚታዘዘው የብረት መቁረጫ) ላይ ማን ተራ ያገኛል፣ ማንስ «ተበላሽቷል» ይባላል? የማታ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ለመድረስ ሴቶቹ ስንት ዓመት፣ ወንዶቹ ስንት ዓመት ፈጀባቸው? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ትልልቅ ክፍል ማን ነው ሁልጊዜ የሚያስተምረው? ወልዳ ለተመለሰች መምህርት የዕድገት ሰዓቷ ቆሞ ጠብቋታል ወይስ ሲቆጥር ነበር?

ክፉ ሰው ፍለጋ አትሂዱ፤ ብዙ ጊዜ አታገኙም። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ሳስተምር ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ መሣሪያ) እና አንድ ጠረጴዛ የምታስቀምጥ ጥግ ጠይቄ «ቦታ የለም» ተብያለሁ። አጠገቡ ያለው ክፍል ተቆልፎ ነበር። ውስጡ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና የአንድ ባልደረባዬ የድሮ የጉባኤ ፖስተሮች ነበሩ። ባልደረባዬ ጨዋ ሰው ነው። ቁልፉን ከእሱ በፊት ከነበረው ሰው ተረከበ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ጠይቆት አያውቅም። «ቦታ የለም» ያለኝም ሰው የዋሸኝ አይመስለኝም። አልለካማ!

ሥራውን ለሥርዓተ ጾታ ቢሮ ብቻ አትግፉት። ቢሮው የደመወዝ መዝገብ የማየት ሥልጣን የለውም፤ የቦታ ድልድልም አይመራም። አንጋፋ ሴት መምህራንን ሰብሳቢ አድርጉ፤ መዝገቡን ክፈቱላቸው፤ ከዲፓርትመንት ኃላፊዎች ሁለት ሦስቱን ጨምሩላቸው። ለዚህ ሥራ የሚያውሉትን ጊዜ ከማስተማር ጫናቸው ላይ ቀንሱ፤ ያለዚያ መድልዎን የሚመረምረው ኮሚቴ ራሱ መድልዎ ይሆናል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ለሕዝብ ግንኙነት አትስጡት። የመግቢያውን አንቀጽ ራሳችሁ ጻፉት። ልዩነት ካልተገኘ አልተገኘም በሉ፤ ቁጥሩን አሳዩን፤ እኛም አንብበን ደስ ይለናል። ከተገኘ ግን «አንዳንድ ክፍተቶች ታይተዋል» በምትለዋ ሐረግ አትሸፍኑት። ስንት ካሬ ሜትር፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ብር እንደሆነ ጻፉ፤ እስከ መቼ እንደሚስተካከልም ቀኑን ቁረጡ። ከሥር ፊርማችሁ ይኑርበት።

የሚቀጥለው የትምህርት ዘመን በጀት ከመጽደቁ በፊት ቢወጣ ጥሩ ነው። ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ መልስ «ለዘንድሮ አልፏል» ነው፤ ይህችን እናውቃታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኢንጂነሪንግ መምህርት